ልጅ ጽፎ አባት ይጠቀሳል

ፒኤችዲ የሚማር ወዳጃችሁ «ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ሬፈረንስ ብቻ ነው» ካላችሁ ለምርቃቱ ልብስ ለማሰፋት አትቸኩሉ። ይህንኑ ቃል ከአንድ ወዳጄ አፍ ስሰማ ሴት ልጁ ገና አፏን መፍታቷ ነበር። አሁን የአባቷን እንግሊዝኛ ታርማለች።

እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ የመሆን አሳብም የለኝም። «ኮምፒውተር ላይ ትዕግሥት አለው» ስለተባልኩ ብቻ ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት ኮፒ ቤቶች ፍላሽ ይዞ የሚንከራተት የዶክትሬት ተማሪ ሁሉ መጨረሻው እኔ ቤት ሆነ። ዲዘርቴሽን ሲመጣልኝ ከኋላ ነው የማነበው። የፊቱ ለአማካሪ ተብሎ የታጠበና የተተኮሰ ነው፤ የሰውየው እውነተኛ ጠባይ የሚገኘው ዋቢው ላይ ነው።

ወዳጄ የሚያጠናው የመሬት ስሪት ታሪክን ነው። አምስት ምዕራፍ፣ አምስት ፋይል፤ እያንዳንዱ ከነዋቢው። ምዕራፍ አንድን የጻፈው ኤፒኤ በሚባለው የጥቅስ ደንብ ስድስተኛ እትም ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ሰባተኛው ወጣና ምዕራፍ ሁለትን በዚያ ጻፈ። ስድስተኛው የአሳታሚውን ከተማ ጥቀስ ይላል፤ ሰባተኛው ተወው ይላል። ስድስተኛው ሦስት ሰዎች አብረው የጻፉትን መጀመሪያ ስትጠቅስ ሦስቱንም ጥራ ይላል፤ ሰባተኛው የመጀመሪያውን ጠርተህ «እና ሌሎች» ብለህ እለፍ ይላል። እንግዲህ ምዕራፍ አንድ ላይ በስማቸው የተከበሩ ሰዎች ምዕራፍ ሁለት ላይ ሌሎች ሆነው ቀሩ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሁለተኛው አማካሪ መጡና «ታሪክ ያለ ግርጌ ማስታወሻ አይጻፍም» አሉ፤ በግርጌ ማስታወሻ ተጻፈ። ምዕራፍ አራት ደግሞ ቀድሞ መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ መጽሔቱ የሚቀበለው በቅንፍ የታሰረ ቁጥር ብቻ ነበር።

ፋይሎቹን አንድ ላይ ስናደርጋቸው፣ በውርስ ተጣልተው ሲኮራረፉ ኖረው ለቅሶ ላይ አንድ ድንኳን የገቡ ዘመዶች ሆኑ። «[14] አጥብቀው እንደሚከራከሩት» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። የሚከራከሩት 14 ማን እንደሆኑ ግን ወዳጄም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ይህ ሁሉ ግን በቀን ሥራ ይቃናል። የማይቃናው የስማችን ጉዳይ ነው። የጥቅስ ደንቦቹም ሆኑ ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው በሚል እምነት ነው። ሁለት ሳጥን ይሰጡሃል፤ በአንዱ ስም፣ በሌላው የቤተሰብ ስም። እኛ ቤት ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የሚገባው አባት ነው። ስለዚህ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ መጽሐፍ ጽፈው «ዘውዴ» ይመሰገናሉ፤ ባሕሩ በአንዲት ፊደልና በአንዲት ነጥብ ይሸኛሉ። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካን ያዘጋጁት ፈረንጆች ሐበሻን በራሱ ስም ነው የሚደረድሩት። እነሱ የገባቸውን የእኛው ሰው አባቱን አስቀድሞ ሲጽፍ ማየት ያናድደኛል፤ «ደንቡ ነው» ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ወዳጄ ምዕራፍ አንድ ላይ የታደሰ ታምራትን የ1972 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ፣ ያንን ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የተጻፈውን፣ «ታደሰ» ብሎ ጠቀሰ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ሶፍትዌር ገልብጦለት «ታምራት» አለ። ከዚያ ጊዜ አለፈ፤ ሰውም ይረሳል። ምዕራፍ አምስት ላይ ማጠቃለያውን ሲጽፍ ሁለቱን አገኛቸውና እንዲህ አለ፦ «ታደሰ (1972) ነገሥታቱ ጉልትን ለፖለቲካ ይጠቀሙበት እንደነበር ያስረዳሉ፤ ታምራትም (1972) በዚህ ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ።» ልጅ ተናገረ፣ አባት መሰከረ። አማካሪው ከጎኑ በቀይ «ጥሩ ነው፤ ሦስተኛ ምንጭ ቢጨመርበት ይጠናከራል» ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛውም አልጠፋም። ከኢንተርኔት የተቀዳ፣ በእንግሊዝኛው ሁለት «ዲ» መሆን ሲገባው አንዱ የጎደለበት ሌላ ታደሰ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

የአባት ስም ሁለት ቃል ሲሆንማ አይነሣ። ስለ ረሃብ ብዙ የጻፉት መስፍን ወልደ ማርያም «ማርያም፣ መ. ወ.» ሆነዋል። የ«ዝክረ ነገር»ን ደራሲ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «መስቀል» ሆነው አገኘኋቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ሥላሴ» ተብለው ወደ ታች ወርደዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ማርያምና መስቀል ተከታትለው፣ ዝቅ ብሎ ሥላሴ ሲመጡ እጄ ከማውሱ ላይ ተነሥቶ አማተበ።

«ቢያንስ ፈረንጆቹ አያስቸግሩም» አለኝ ወዳጄ።

«ፓንክረስት፣ አር. የሚለው ማን ነው?»

«ሪቻርድ ነዋ!»

«ሪታስ?»

ዝም አለ። ባለቤታቸው ሪታ ፓንክረስት የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ፤ ይጽፉም ነበር። ባልና ሚስት ከነፊደላቸው «አር. ፓንክረስት» ናቸው። እነሱ ቤት ውስጥ ተስማምተውበት ይሆናል፤ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ግን የማን እንደሆነ ለመለየት መጽሐፉን ራሱን መግለጥ ያስፈልጋል። ወዳጄ መጽሐፉን ለመግለጥ መገደዱ እንዴት እንዳስከፋው ማየት ነበረባችሁ።

ከስሙ ስንወጣ ዘመኑ ያዘን። «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ 1942 ነው፣ «ዓ.ም.» የሚለው ግን ወድቋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ላነበበው መጽሐፉ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ የታተመ ይሆናል። ምዕራፍ ሁለት ላይ 1949፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ 1950 ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእኛ ዓመት መስከረም ላይ ስለሚገባ አንዱ የሐበሻ ዓመት ከሁለት የፈረንጅ ዓመት ይቆርሳል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን ምን ያውቃል፤ ሦስት መጽሐፍ ብሎ ሦስት ቦታ ደረደረው። ወዳጄ ዋቢው መርዘሙ ደስ ብሎት ስለነበር አንድ መጽሐፍ ነው ስለው ንብረቱን እንደቀማሁት ቆጠረኝ።

ምዕራፍ ሦስትን እስከ መጨረሻ ያቆየሁት ፈርቼው ነው። ግርጌው ሁሉ «ዝኒ ከማሁ» ነው። ዝኒ ከማሁ ከበላዩ ባለው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው፤ የላይኛው ከተነሣ ለመጣው ሁሉ ያድራል። ሁለተኛው አማካሪ «ይህ አንቀጽ ወደ ታች ይውረድ» ብለዋል፤ ወርዷል፤ ዝኒ ከማሁውም አብሮ ወርዷል። ያረፈው ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ሥር ነው። በዚህ የተነሣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለአንድ ገዳም የተሰጠ ጉልት ምንጩ የደርግ አዋጅ ሆነ። ደርግ ብዙ ነገር ተብሏል፤ ጉልት ሰጠ ሲባል የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው።

«በቃ፣ ሁሉም ወደ ዞቴሮ ይገባል» አልኩት። ዞቴሮ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ነው። ለአምስቱም ምዕራፍ አንድ ማኅደር፤ መጽሐፉ አንዴ ይመዘገባል፣ የትም ምዕራፍ ላይ ሲጠራ ከዚያው ይመጣል። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫናት ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፤ ያኔ ባሕሩ ዘውዴ ሙሉ ስማቸውን ይዘው ይገባሉ። ወዳጄ ይህን ሲያይ «ይህ ነገር የነበረው መቼ ነው?» አለኝ። ፒኤችዲ ሳትጀምር ነዋ! አልኩት፤ በሆዴ።

መመዝገቡ አለቀና አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ምዕራፍ ሁለት ለአማካሪ ሄዶ ተመለሰ። እያንዳንዱ ጥቅስ በስሩ ከማኅደሩ ጋር የሚያገናኘው የተደበቀ ኮድ አለው። አማካሪው ጽሑፉን ወደሚመቻቸው ሌላ ፕሮግራም ገልብጠው፣ አርመው፣ መልሰው ልከውታል፤ ኮዱ ረግፎ ተራ ጽሑፍ ቀርቷል። «ፕሮፌሰር፣ እባክዎ በዚያው በወርድ ላይ ያርሙልኝ» ብሎ መንገር ያስፈልግ ነበር። ይህን የሚናገር የዶክትሬት ተማሪ ግን እኔ አላየሁም። ወዳጄ በአደባባይ መንግሥትን ይተቻል፤ አማካሪውን ሲያይ ድምፁ ይጠፋል። መልሰን አንድ በአንድ አያያዝናቸው።

በዲፌንሱ ቀን ስለ ሬፈረንስ አንድ ጥያቄ አልተነሣም። ከፈታኞቹ አንዱ ብቻ ዋቢ ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ትንሽ አጥሯል» አሉ አሉ።

ጥራዙን ወርቃማ ፊደል አስጽፎ አንድ ቅጂ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ ከእግዚአብሔርና ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለ ዋቢው ሥራ በስሜት ያመሰግናል። የሚያመሰግነው ግን አባቴን ነው፤ የእኔ ስም ከኋላ በአንዲት ፊደል ተንጠልጥላለች። አባቴ ጡረተኛ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ደገሙት፣ ጥራዙን ዘጉና፦

«ጨዋ ልጅ ነው። ምን አድርጌለት ነው ግን?» አሉኝ።

«ሬፈረንሱን አስተካክለውለት።»

ጥቂት አሰብ አደረጉና፦ «ታዲያ ክፍያውን ማን ተቀበለ?»