ሲስተም የለም

ድሮ ጉዳይ የሚያጓትተው ሰው ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ወጣ ብላለች፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ዛሬ ሁሉም ወንበራቸው ላይ አሉ፤ የሌለው ሲስተም ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ደስ ባላችሁ የቢሮ መስኮት ሥር ቁሙና ጠብቁ፣ "ሲስተም የለም" መባላችሁ አይቀርም። የሚገርመው ሰልፉ አለመቆጣቱ ነው። የጠፉት ኃላፊው ቢሆኑ "የሕዝብ ደመወዝ እየበሉ የት ሄዱ?" ብሎ የሚጮህ አንድ ሽማግሌ አይታጣም ነበር። ሲስተም ሲሆን ግን ከንፈር ይመጠጥና፣ ከክፍለ ሀገር እንደሚመጣ ዘመድ "መቼ ይደርሳል?" ተብሎ ይጠየቃል።

ሶፍትዌር እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይሄዳል። አንዳንዴ እውነትም መስመር ተቋርጧል ወይ መብራት ጠፍቷል። አንዳንዴ ግን የኔትወርኩ ሳጥን ተነቅሎ በሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል። ይህን አይቶ ዝም ማለት ብልህነት ነው። አፍ አምልጦት "ፕሮግራመር ነኝ" ያለ ሰው ፕሪንተሩን ይጠግናል፣ የጸሐፊዋን ስልክ ያራግፋል፣ ለኃላፊው ልጅ የጠፋበትን የፌስቡክ ይለፍ ቃል ይፈልጋል። በእኛ አገር ፕሮግራመር ማለት ገመድ ያለው ዕቃ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ክፍያውም "እግዜር ይስጥልኝ" ነው።

ሲስተም ሲጠፋ ከንፈሩን የሚመጥ ሞልቷል። ሲስተም እጁ ሲፈታ ከንፈሩን የሚመጥ ግን አላየሁም። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ማሻሻያ ሲደረግለት ሳተና፣ በአንድ ሌሊት ሰው ከሂሳቡ በላይ ማውጣት ቻለ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዳርሶ ተማሪው ሌሊቱን ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደወጣበት ተናገረ፤ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችንም ስምና ፎቶ አወጣ። በዚያ ሌሊት "ሲስተሙ ምን ነካው?" ብሎ ሰልፉን ጥሎ ወደ መኝታው የተመለሰ ተማሪ ካለ፣ ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ።

ለነገሩ ሲስተሙን የምንጽፈው እኛም ከትዝብት አናመልጥም። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ፎርማችን ላይ ግን "የቤት ቁጥር" የምትለው ሳጥን አጠገብ ቀይ ኮከብ አለች፤ ሳይሞሏት ማለፍ የለም። ሰውየው ቤቱ እንደፈረሰ ቢምል፣ ግሬደሩን ምስክር ቢጠራ፣ ቀዩዋ ኮከብ አትሰማም። ስለዚህ የፈረሰው ቤት ቁጥር ይሞላል። ዛሬ ሰፊ መንገድ በሆነው ቦታ ላይ፣ ዴታቤዝ ውስጥ ሰው ልጁን ይድራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል።

የቀን ነገር ደግሞ ይብሳል። ኤክሴል ከቀዳሚው ከሎተስ በወረሰው ስህተት የተነሳ፣ በፈረንጆቹ 1900 ፌብሩዋሪ 29 የሚባል ቀን ነበረ ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለ ቀን በዓለም ላይ አልዋለም፤ ኤክሴል ግን ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል። በየዓመቱ የሚመጣውን፣ ዶሮ የሚወደድበትን ጳጉሜን ግን አያውቅም። ለእሱ እንኳ ይቅር እንበለው፣ አገሩ ሩቅ ነው። ጉዱ ደመወዛችን በጳጉሜ ባለመከፈሉ የምናለቅስ እኛ፣ እዚሁ ተቀምጠን የጻፍነው ፕሮግራም የወር ዝርዝሩን ነሐሴ ላይ ሲጨርስ ነው።

ይህንኑ ዝርዝር የምትሞላ ልጅ መስኮት ላይ አጋጥማኛለች።

"ሕፃኗ መቼ ተወለደች?"

"ጳጉሜ 3።"

ልጅቷ ዝርዝሩን እስከ ታች ወረደች፤ ተመልሳ ወጣች።

"እህቴ፣ ጳጉሜ አይቀበልም። ነሐሴ 30 ላርግልዎት ወይስ መስከረም 1?"

እናትየው ሕፃኗን በጀርባዋ ከፍ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

"ነሐሴ በይልኝ። በአንድ ዓመት ቀድማ ትምህርት ቤት ትገባልኛለች።"