«ማለት ነው» እና ተተኪዎቹ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ያልቃል። ይህን ማንኛውም የሰዋስው መምህር ያስተምራል፤ ሲያስተምር ግን «ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል ማለት ነው» ይላል። ጥናቱ የተነሣው ከዚህ ትርፍ ነው። ግሱ ሥራውን ጨርሶ አራት ነጥብ ሊቀመጥ ሲል ሁለት ቃላት ዘግይተው ገብተዋል።

እነሱን ማስወጣት ቀላል ነው፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። «ነገ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ» ብሎ ጸጥ ያለ ሰው እንዳኮረፈ ይቆጠርና «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ይባላል። በምትኩ «በቃ» ቢገባ ጠብ ይሆናል። «አይደል?» ቢገባ ሰሚው ስለማያገባው ጉዞ ምስክር ሆኖ ይቆማል። «ምን መሰለህ» ከፊት ቢቀድም ደግሞ የሰሚውን ጾታና ማዕረግ ማጣራት ግድ ነው፦ ለእህት መሰለሽ፣ ለአማት መሰለዎት። «ማለት ነው» ለሕፃኑም ለአቡኑም ያው ነው። ለመተካት ያስቸገረውም ይህ ጨዋነቱ ነው።

«እንትን» ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ይበዛል (እንትኖች)፣ ሰው ይሆናል (እንትና)፣ ከ«አደረገ» ጋር ገጥሞ ማንኛውንም ሥራ ይሠራል። «እንትኑን በእንትኑ ያዝና እንትን አድርገው» የሚለው ትእዛዝ ተሳቢው፣ መሣሪያው፣ ግሱ የተሟላ ነው፤ የጎደለው ጉዳዩ ብቻ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር የተጋደመ መካኒክ እጁን ዘርግቶ «እንትኑን» ሲል ረዳቱ 13 ቁልፍ መዳፉ ላይ ያኖርለታል። ሙሉ ስሙ ሲጠራ ግን ረዳቱ «የትኛውን?» ብሎ ይጠይቃል።

የስብሰባ አዳራሹ ዝርያ ረዘም ይላል። «አብዛኛው ሐሳብ ተነሥቷል፤ ላለመድገም ያህል» የሚለው መግቢያ ድግግሞሹ መጀመሩን ያበሥራል። «ከውኃ አቅርቦት አንፃር ክፍተቶች ይስተዋላሉ» ሲባል ውኃ የለም ማለት ነው። ለ«አንፃር» የተገኘው ተተኪ «አኳያ» ነው፤ ለ«አኳያ» የተገኘው «አንፃር»። «ውኃ የለም» የሚለው አጭር አማራጭ መድረክ ላይ ያልተለመደው በቋንቋ ድክመት አይደለም፤ ወዲያው «መቼ ይመጣል?» ስለሚያስከትል ነው።

አጥኚው በሙሉ ልብ የሚደግፈው አንድ ተተኪ አለ፤ እሱም ቃል አይደለም። በወሬ መካከል ሰሚው «እ» ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። «አዎ»፣ «እሺ»፣ «ቀጥል»፣ «እየሰማሁ ነው» ሁሉ በዚያች ትንፋሽ ያልቃሉ። እንግዳ የሆነ የውጭ አገር ሰው ድንገተኛ ሕመም መስሎት ሊደነግጥ ይችላል፤ ይለምደዋል። ችግሩ ስልክ ላይ ነው። ትንፋሿ መስመሩን አትሻገርም፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው «ሄሎ? ሄሎ? ትሰማኛለህ?» እያለ መጮህ ይጀምራል። ስለዚህ «እሺ» ለስልክ ተጠቃሚዎች ብቻ ባለችበት እንድትቆይ ተፈቅዷል።