የእግዜር እንግዳ፣ ባለ ማስታወሻው

የአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል። እግሩ ይታጠባል፤ ልጆች ጦማቸውን ቢያድሩም ለእርሱ እራት ይቀርባል፤ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። ምስኪን! ከምርቃት ሌላ ጥሎት የሚሄደው፣ ከጥጋብ ሌላ ይዞት የሚወጣው የለውም። እንግድነት የሠለጠነው በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ በኩል ነው።

ሐዲዱ በ1917 (ለእንግዳ ክብር ሲባል ዘመኑን በፈረንጅ እንቁጠር) አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ከመርከብ የወረደ ሁሉ እዚህ ጣቢያ ይሳፈር ነበር፤ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። የኢትዮጵያ ሊቅ ለመሆን ይህ ይበቃ ነበር። እንግሊዛዊው ኤቭሊን ዋው በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በዚሁ መሥመር መጣ፤ ደብረ ሊባኖስ ወርዶ በመነኮሳቱ ተስተናገደ። በ1931 የጉዞ መጽሐፍ፣ በ1932 ደግሞ በአንድ ምናባዊ አፍሪካዊ ንጉሥ የሚያላግጥ ልብ ወለድ አሳተመ። እንዲህ የምትጥል ዶሮ በአገሩ የለችም!

ዋው ግን ችኩል ነበር። ትዕግሥት የታየው በዳካር–ጅቡቲ ጓድ ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው ይህ የፈረንሳይ ቡድን አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሰበሰበ መጥቶ በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ከረመ። ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ ከባለዛሯ ከወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት አይጠፋም ነበር። ቡናቸውን ጠጣ፤ ለዛሩ የሚታረደውን ገዝቶ አቀረበ፤ ለልጃቸው ለእማዋይሽ ያደረበትን ስሜት ሳይቀር መዘገበ። በ1934 የቤቱ ገመና ፓሪስ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ባለቤቶቹ እንዳይከፋቸው ነው መሰል፣ በፈረንሳይኛ!

ዛሬ ባቡሩ የሚነሣው ከአዲሱ የጅቡቲ ጣቢያ ከናጋድ ነው፤ እንግድነቱም ፈጥኗል። ደቡብ ኦሞ የሙርሲ መንደር የሚገባ ጎብኚ መጽሐፍ እስኪጽፍ አይቆይም። በፎቶ ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል፤ መኪናው ውስጥ ሲገባ «ሰዉ ገንዘብ ወዳድ ሆኗል» ብሎ ያዝናል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የጎንደሩ የስንብት ስጦታ ነው። ጓዱ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ልጦ ወሰደ፤ ግድግዳው ባዶ እንዳይቀርም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ ምትክ ሣለለት። አሮጌ ወስዶ አዲስ የሚሰጥ እንግዳ ከየት ይገኛል? በ1933 መጀመሪያ ጓዱ ከጅቡቲ ተሳፍሮ አገሩ ገባ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሊያያቸው የሚሻ ጎንደሬ አስቀድሞ ቪዛ ይጠይቅ፤ የመግቢያ ትኬትም ይቁረጥ።