ለምርቃት የተቀጠረ

በደመወዝ የምሠራው እኔና እድር የማገለግለው እኔ ብንገናኝ ሰላምታም አንለዋወጥ። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ጠዋት ይፈርምና ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ለማኪያቶ ይወጣል፤ ባለጉዳይ ከመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ብቅ ይበሉ» ብሎ ይሸኛል። የእድሩ ሰውዬ ግን ሌሊት ጡሩምባ ከሰማ ካልሲ እንኳ ሳያጠልቅ ይበራል። ካስማ ይመታል፣ ድንኳን ይወጥራል፣ አግዳሚውን ብቻውን ይሸከማል። ወገቡን የሚያመው ቢሮ ፋይል ሲያነሳ ነው።

ባለቤቴ «በነጻ ትሞታለህ፣ እየተከፈለህ ትተኛለህ» ስትለኝ፣ «የበጎ ፈቃድ ሥራ የመንፈስ እርካታ አለው» እላት ነበር። ውሸቴን ነው። እኔን የሚያሞቀኝ እናቶች «ዕድሜህን ያርዝመው» ሲሉኝ ነው። አንዴ ካስማውን የመታሁት እኔ ሆኜ ምርቃቱ ገመድ ለያዘው ጎረምሳ ቢሄድ፣ ቀብሩ እስኪያልቅ አኩርፌያለሁ። ደመወዝ በባንክ ይገባል፤ ባንክ ደግሞ አይመርቅም።

የባሰው የመጣው ጠቅላላ ጉባኤው «ለፍቷል» ብሎ ትንሽ አበል ሲቆርጥልኝ ነው። የወገብ ሕመሜ ከቢሮ ወደ እድር ተዛወረ። አንድ አግዳሚ ስንት ሳንቲም እንደሚደርሰው አሰላ ጀመር። ጡሩምባ ሲነፋም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ «የትርፍ ሰዓት የለውም እንዴ?» አልኩ።

ሰበብ ስፈልግ ኡሪ ግኒዚና አልዶ ረስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ጥናት አገኘሁ። እስራኤል ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የእርዳታ ገንዘብ እንዲሰበስቡ ተደረገ፤ አንዱ ቡድን በነጻ፣ ሁለተኛው የሰበሰበውን 1 በመቶ፣ ሦስተኛው 10 በመቶ እየታሰበለት። ከሁሉም ጥቂት ያመጡት ባለ 1 በመቶዎቹ ናቸው፤ ባለ 10 በመቶዎቹም ቢሆኑ በነጻ የዞሩትን አልደረሱባቸውም። ትንሽ ክፍያ ፍቅሩን ወስዶ በቦታው ሒሳብ ይተክላል ማለት ነው። ለስንፍናዬ ሳይንስ ስለቆመለት ደስ ብሎኝ፣ ጥናቱን እንደ ሐኪም ወረቀት ይዤ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድኩ።

አዳምጠውኝ ሲያበቁ «እንግዲያው አበሉን እናንሳልህና እንደ ድሮህ ትሮጣለህ» አሉኝ።

ስለ ፍቅሩ ሳስረዳ የቆየሁት ሰውዬ ደነገጥኩ። አበሉ እንዳይነሳ፣ ይልቁንም እንዲጨመር፣ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። የጻፍኩት በመሥሪያ ቤቴ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቴ ወረቀት ነው፤ ቢሮ ውስጥ እንደዚያን ቀን ተግቼ አላውቅም።