ነገረ ኤርፎን ወጃክ

በተንቀሳቃሽ ስልክ ራስጌ ወይም ግርጌ የምትገኘው፣ ወርዷ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሊቃውንት «ጃክ» ሲሏት እኛ በትሕትና «የኤርፎን ቀዳዳ» የምንላት ክብ ጉድጓድ፣ የዘር ሐረጓ ቢመረመር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው የሰውን ወሬ ከሰው ወሬ ሲያገናኙ ከነበሩት ሠራተኞች ዘንድ ትደርሳለች፤ እናቲቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነበረች፣ ልጅቱ ግን ከስታ እ.ኤ.አ. በ1979 ከሶኒ ዎክማን ጋር ዓለምን ዞረች።

በዚህች ቀዳዳ የሚገቡት ኤርፎኖች በሦስት ነገድ ይከፈላሉ፤ እነርሱም ሕያዋን፣ ድውያንና ሙታን ናቸው። ስለ ሕያዋን ብዙ አንናገርም፤ ዕድሜያቸው አጭር ነውና።

ከድውያን ወገን አንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማው የታወቀ ስለሆነ እናልፈዋለን፤ ሰፊ ሐተታ የሚገባው ግን «ጠዋይ» የተባለው፣ ገመዱ ከመሰኪያው አጠገብ በአንዲት በታወቀች ማዕዘን ካልታጠፈ በቀር አንዳች የማይናገረው ነው። ይህም በአያያዙ በላስቲክ የሚታሰር፣ በስልኩ ወገብ ተጠምጥሞ በኪስ የሚጨመቅ፣ በአውራ ጣት የሚደገፍ ተብሎ ይለያል። የመጨረሻውን የያዘ ሰው ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በታክሲ ሲሄድ፣ በነፋስ መካከል ጧፍ እንደ ያዘ ዲያቆን እጁን ሳያነቃንቅ፣ ሒሳብ ሲጠየቅም በግራ እጁ እየከፈለ ይጓዛል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ግን ዘፋኙ ይሰወርና አጃቢው ብቻ ከዋሻ እንደሚመጣ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም የጋራው የመመለሻ ሽቦ ግንኙነቱን ሲያጣ ግራና ቀኙ እርስ በርስ ይቀናነሳሉ፣ ለሁለቱም እኩል የተሰጠው የዘፋኙ ድምፅም በመቀናነሱ ይጠፋል። ይህን የሚጽፈው ሰው አንዲት ጠዋይ ለሁለት ክረምት አስታሞ ኖሯል፤ ከተለየችው በኋላም አውራ ጣቱ፣ አዲሱን ኤርፎን ያለ አንዳች በደሉ ሲያጥፍ ተገኝቷል።

ሙታን ሁለቱም ጆሯቸው የተዘጋ ናቸው፤ ነገር ግን የስልክ ኤፍ ኤም ራዲዮ ገመዳቸውን እንደ አንቴና ስለሚጠቀምበት፣ ከሞቱ በኋላ ተአምር ያደርጋሉ፤ የሰፈራችን ጥበቃ እሑድ እሑድ ኳስ የሚያዳምጡት፣ አንዱን ሙት በቀዳዳው ሰክተው ድምፁን በስፒከር ለቀው ነው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ በሰላም ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2016 በሳን ፍራንሲስኮ አፕል ቀዳዳ የሌለውን አይፎን 7 ይፋ አደረገ፤ ሹሙ ፊል ሺለርም ምክንያቱን በአንዲት ቃል «ድፍረት» አለው። ድፍረት፣ አንድም ጀግንነት ነው፤ አንድም የሰው ጓዳ ሳያስፈቅዱ መግባት ነው፤ አንድም በር ደፍኖ መስኮት መሸጥ ነው፣ መለወጫዋ ገመድ ለብቻዋ 9 ዶላር ነበረችና። በማስታወቂያ ሲሳለቅ የቆየው ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2019 በጋላክሲ ኖት 10 ያንኑ ድፍረት ደፈረ።

ገመድ አልባው ኤርፎን ከሦስቱ ነገድ የየትኛው እንደ ሆነ ለመወሰን ያስቸግራል፤ አይጠወይም፣ በላስቲክ አይታሰርም፣ ሲሞትም አንቴና አይሆንም። ስለዚህ አራተኛ ነገድ ለማቆም ምርመራ ተጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱ አብነቶች ግራው ከታክሲ ወንበር ሥር ስለ ገባና ረዳቱም መጨረሻ ነው፣ ውረዱ ስላለ ተቋርጧል።