አፈር አፈር የሚል ሰው

ሽቶ የተቀባ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ ምስጋናው ቢቀር ዝምታም ይበቃዋል። እኔን ሰሞኑን የሚገጥመኝ ግን ጥያቄ ነው። «ጓሮ ስትኮተኩት አርፍደህ ነው?» ይሉኛል። ጓሮ የለኝም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዱባይ ነው። እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ጣት የምታክል ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች፤ አልኮል የሌለበት፣ የእጅ አንጓና አንገት ላይ ጠብ እያደረጉ የሚቀቡት የዘይት ሽቶ። ላዩ ላይ «አረንጓዴ ሻይ» ይላል። ሻይ ሲባል የእኛ አፍንጫ የሚጠብቀው ደግሞ ይታወቃል፦ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ከዚያ ስኳር። ቅጠሉ ለቀለም ነው የሚገባው። ውሽውሽ ላይ ያን ሁሉ ኮረብታ አረንጓዴ ያለበሰው ተክል ብቻውን ምን ምን እንደሚል የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም።

እንግዲህ ሲቀቡት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ቤርጋሞት የሚሉት የብርቱካን ዘመድ ሥራ ነው፣ ቶሎ በንኖ ይሄዳል። ቀጥሎ እንፋሎት የመታው ቅጠል ይመጣል፣ ከጎኑ ትንሽ ድርቆሽ። እስከዚህ ሰላም ነው። ገላ ሲሞቅ፣ በተለይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ከታች አድፍጦ የቆየው ብቅ ይላል፦ እርጥብ ሥር፣ አሁን የተነቀለ፣ አፈሩ በደንብ ያልተራገፈለት። እስከ ማታ የሚቆየውም ይሄኛው ነው።

የሚነፋው ሽቶ አልኮሉ ሲተን መዓዛውን ተሸክሞ ቤቱን ይሞላዋል። ዘይት ግን ገላ ላይ ተኝቶ የሚጠጋውን ሰው ይጠብቃል። ሰው እጅ ተጨባብጦ በሚለያይበት አገር ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው። እኛ ዘንድ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ ነው፤ ናፍቆት ካለ አራት አምስቴ፣ ወንድ ለወንድ ሲሆን ትከሻ ይጨመራል። አንገቴ ሥር አፍንጫውን ሳያሳልፍ ደህና አደርክ የሚለኝ ዘመድ የለም። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ቆም ይላሉ፤ ሦስተኛውን ይጨርሱና ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መከራከሪያ የለኝም። አፍንጫ የባለቤቱን ሽቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይለምድና ነገሬ ማለቱን ይተዋል። ስለ ራሴ ጠረን የማውቀው ከምስክር ቃል ብቻ ነው።

ነገሩ አላስተኛ ቢለኝ ማጣራት ጀመርኩ። ለካ በሻይ ሽቶ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሻይ የለበትም! ይህን ዓይነት ሽቶ ዓለም ላይ ያስለመደው ፈረንሳዊው ቀማሚ ዣን ክሎድ ኤሌና ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቡልጋሪ ለሚባለው ኩባንያ የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ ሠራ። ቅጠል አልጨመቀም። ሄዲዮንና አዮኖን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን አገናኘ፤ አንዱ የጃስሚን ወገን፣ ሌላው የቫዮሌት አበባ ወገን፤ ሁለቱ ሲጋቡ ሻይ ወለዱ።

አፈሩስ? አፈሩን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቬቲቨር ነው። አዎ፣ ያ የምናውቀው ሳር! በጅማና በኢሉባቦር፣ ጎርፍ ማሳውን ጠርጎ እንዳይወስደው ዳር ዳሩን የሚተከለው። ሃይቲዎችና ኢንዶኔዥያዎች ሥሩን ቆፍረው፣ በእንፋሎት ዘይቱን አውጥተው ለሽቶ ቀማሚዎች ይሸጣሉ። እኛ አፈር ይያዝልን ብለን የተከልነውን ተክል እህቴ በድርሃም ገዝታ አንገቴ ላይ አዋለችው።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን ህንድ ውስጥ ካናውጅ የምትባል ከተማ አለች፤ ሽቶ ቀማሚዎቿ የተጠበሰ ሸክላ አፈር አንጥረው መዓዛውን በሰንደል ዘይት ያስይዙታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ በጠርሙስ! ሰው ከፍሎ ይገዛዋል። እርጥብ አፈር የሚሸተው ጂኦስሚን በሚባል፣ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሚሠሩት ንጥረ ነገር ነው፤ የሰው አፍንጫ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ እንኳ ብትሆን ይለያታል። ያው ጂኦስሚን ቀይ ሥር ውስጥም አለ። ጾም በመጣ ቁጥር ከበያይነቱ ላይ ቀይ ሥር ጠቅልሎ እየጎረሰ «ይሄ ነገር አፈር አፈር ይላል» ብሎ ከገበታ የተነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዲያውም «አፈር ስሆን» እያሉ ነው የሚያጎርሱኝ።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባ አለኝ፤ የሚቀባው የዑድ ሽቶ ከሱ ቀድሞ ሊፍት ይገባል፣ እሱ ከወረደ በኋላም ሦስት ፎቅ ድረስ ይሸኘናል። ባለፈው አጠገቤ ቆመና አፍንጫውን ሸብሽቦ «ገበሬ ገበሬ ትላለህ» አለኝ። ሊፍቱ በሙሉ ሳቀ። ይህቺ ግን ከቀልድ አለፈችብኝ። ምሳ የበላው እንጀራ ከየት የመጣ መሰለው? እዚያ ሊፍት ውስጥ ከነበርነው የአያቱ እጅ አፈር ያልነካ ማን አለ? ሽቶ የምንገዛው ለመሽተት ነው ወይስ ከዚያ እጅ ለመራቅ? ዑድ የሚባለውም እኮ ሻጋታ የገባበት፣ የታመመ ዛፍ ነው። በሽታው ከሩቅ ስለመጣና ዋጋው ስለከበደ ክብር ሆነ፤ የእኛው አፈር ጠረን ደግሞ ነውር። ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ስከፍት በሩም ተከፈተና ወረደ። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም። ወር መጨረሻ ላይ የሚያበድረኝ እሱ ነው።

ደግሞስ እኛ ለሽቶ እንግዳ አይደለንም። የከፋና የጅማ ሰዎች ጥርኝ እያኖሩ፣ ዝባዱን እየፋቁ፣ በበሬ ቀንድ አሽገው ለፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ሲያቀርቡ ኖረዋል። ጥሬው ፊት ያስዞራል ይላሉ፤ በጣም ሲቀጥን ግን ሞቅ ይላል፣ የሌላውንም መዓዛ ገላ ላይ ያቆየዋል። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ሊዮፖልድ ሩዚችካ የሚባል ኬሚስት የዝባድን ዋና ንጥረ ነገር ምንነት ለየ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ጥርኙ ምንም አላገኘም።

እህቴ ለገና ስትመጣ ሁለተኛ ጠርሙስ እንደምታመጣልኝ ነግራኛለች። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ዝባዱ ሄዷል፤ አሽትቼው አላውቅም። ከዚያ አካባቢ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ገላ ላይ ውሎ ማታ ማታ ምን ምን እንደሚል እስቲ ንገሩኝ።