ስሙን ያልሠራበት መኪና

ኧረ የመኪና ስም ሰለቸን! ደብረ ታቦር መናኸሪያ ብትቆሙ፣ ንፋስ መውጫ መንገድ ዳር ብትጠብቁ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ወገዳ በገበያ ቀን ብትወጡ የምታዩት ያው ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ፒካፕ ከኋላው «ቪኤይት» የሚል የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ ተለጥፎበት ይመጣል። ሌላው ፋብሪካ የሠራው ሚኒባስ ግንባሩ ላይ የቶዮታ ዓርማ አድርጎ ተራ ይይዛል። ባለቤቱ ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል፣ የለጠፈለት የጋራዥ ልጅም ያውቃል። ተሳፋሪውም የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይገባዋል። ግን ማንም ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ከፍሎ ይወርዳል። ይህ ዝምታ ነው እኔን ያደከመኝ።

ቪኤይት መባል ዋጋ ነበረው። ስምንት ሲሊንደር በሁለት ረድፍ፣ አራት በአራት ሆነው የቆሙበት ሞተር ነው፤ ጉልበቱ ከዚያ ይመጣል። እኛ አገር ስሙ የገነነው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በገባው ላንድክሩዘር 200 ነው። የባለሥልጣን መኪና ስለሆነ ከሞተርነት አልፎ ማዕረግ ሆነ። ሰው ሲሾም «ቪኤይት ያዘ» ይባል ጀመር። ቶዮታ ግን በ2013 ዓ.ም. ላንድክሩዘር 300ን ሲያወጣ ስምንት ሲሊንደሩን ትቶ ባለ ስድስት ሲሊንደር ተርቦ ሞተር አስገባበት። ሞተሩ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ዛሬም ትልቅ ላንድክሩዘር አቧራ አስነሥቶ ሲያልፍ ሕፃን ሽማግሌው «ቪኤይት» ይለዋል። ሰው በልማድ ቢለው አልፈርድበትም። የምፈርደው አውቆ በሚለጥፈው ላይ ነው። በሁለት ሊትር ተኩል ሞተር ላይ ስምንት ሲሊንደር የሚል ጽሑፍ መለጠፍ የሌላ ሰው ኒሻን ደረት ላይ አድርጎ እንደ መውጣት ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ደግሞ ስም በነጻ የሚገኝባቸው አገሮች አይደሉም። በአንድ ወገን የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ቆሟል፤ በሌላው ወገን በሽሎና አባይ ምድሩን ሰንጥቀው ቆላውን ከደጋው ለይተውታል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወልድያ የሚዘልቀውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ሠሩት። አስፋልት እስኪለብስ ድረስ ግን ለብዙ ዓመት ጠጠር ነበር። ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ የሚገነጠለውን መንገድ በክረምት የሄደበት ያውቀዋል። እዚህ መንገድ ላይ አንድ መኪና ስም ካገኘ ጭቃውን ወጥቶ፣ ዳገቱን ገፍቶ፣ ብርዱን ችሎ ነው።

እንደዚያ ስም ካወጡት ሁሉ በላይ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ነበር። ፊያት 682ን መሥራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ነው፤ እስከ 1988 ድረስ አላቆመም። ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ኤን3 የሚል ምልክት የነበረውን ሾፌሮቻችን እንደ ጣሊያኖቹ «ኤንትሬ» ብለው ያዙት። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው የሰጠው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። አንበሳ አላለውም፣ ንጉሥ አላለውም። ያንን ባዶ ቁጥር ስም ያደረገው የእኛ ዳገት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ትሬንታ ኳትሮም እንዲሁ ነው። ጣሊያን ለወረራ ይዞት የመጣው ፊያት 634 ነበር፤ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መኪናው ቀርቶ ለአገሬው ጭነት አመላለሰ። ስሙ «ሠላሳ አራት» ከማለት ሌላ ምንም የለበትም። ሰው ግን ስሙን ሲጠራ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ኤንትሬ ዳገት ሲይዝ ረዳቱ ታኮ ታቅፎ ከኋላ ጎማው አጠገብ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ፍሬን ቢከዳ፣ ሞተር ቢደክም፣ ታኮውን ጎማው ሥር ለመወተፍ። ያ ልጅ ጉናን ያቋረጠው በመኪና ነው ቢባል እውነት አይሆንም፤ ግማሹን በእግሩ ነው ያቋረጠው። ገብስና ድንች የጫነው መኪና ከላዩ ደግሞ ሰው ይጭናል። ድምፁ ከማዶ ሸንተረር ቀድሞ ይደርሳል። መኪናው ገና ሳይታይ የማን እንደሆነ በሞተሩ ድምፅ የሚለዩ አባቶች ነበሩ፤ ሾፌሩም በየከተማው በስሙ ይጠራል፣ ምሳ ይቆይለታል፣ መልእክትና ደብዳቤ ይሰጠዋል። መኪናውና ሾፌሩ ስማቸው አንድ ላይ ነበር የሚነሣው። ዛሬ ከኋላው አራት ዓይነት ጽሑፍ የተለጠፈበትን መኪና ማን እንደሚነዳው የሚጠይቅ እንኳ የለም።

ስምን በሥራ ማግኘት በእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው የፈረስ ስሞች ናቸው፤ ቴዎድሮስም፣ ዮሐንስም፣ ምኒልክም በፈረሶቻቸው ስም ተጠሩ። ፈረሱ በዘመቻ ላይ ሳይታይ ስም ቢሰጠው ማን ይጠራዋል? የውጭ ስም መዋስም አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ወደብ ስም ነው። ስሙ የተውሶ ነበር። ግን በ1860 ዓ.ም. ያንን 70 ኩንታል የሚያህል ብረት ሕዝቡና ወታደሩ በገመድ እየጎተቱ፣ ቴዎድሮስ ራሳቸው መንገድ እየጠረጉ፣ በጨጨሆ አድርገው መቅደላ እስኪያደርሱት ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ስሙ የክራይሚያ መሆኑ ቀረ፤ የእኛ ሆነ። ስለዚህ ስም ተዋሱ ብዬ አልቆጣም። ያልተሠራበት ስም ነው የሚያናድደኝ።

እሮሮው የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ሙስታንግን ሲያወጡ ስሙ የዱር ፈረስ ስም ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ሸጡ። ባለ ሁለት በር፣ ረጅም ኮፈን ያለው፣ ወጣቱ ሁሉ የተመኘው መኪና ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2019 ፎርድ ያንኑ ስምና ያንኑ የፈረስ ምልክት ባለ አራት በር፣ ከፍ ብሎ የቆመ የኤሌክትሪክ የቤተሰብ መኪና ላይ አደረገው። ዶጅ ደግሞ ቻርጀር የሚለውን የ1960ዎቹ ስሙን በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሲመልሰው፣ የነዳጅ ሞተር የለውምና የሞተር ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ገጠመለት። በኤሌክትሪክነቱ ቅሬታ የለኝም፤ ነዳጅ ፍለጋ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው ኤሌክትሪክን አይጠላም። ግን የሌለ ሞተር እያስጮኹ የቀድሞውን ስም ማስጠራት ምን ይባላል? እንግሊዞቹም ድፍን አፍሪካ በገጠር የሚያውቀውን ላንድሮቨር ዲፌንደር በጥር 2008 ዓ.ም. ማምረት አቆሙ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ስም ያለ ሻንሲ በተሠራ፣ በኮምፒውተር በተሞላ የቅንጦት መኪና ላይ ተመለሰ። የድሮው ላንድሮቨር ሲበላሽ በመዶሻና በሽቦ የሚያስነሣው መካኒክ በየወረዳው ነበር። አዲሱን አርብ ገበያ ላይ ማን ይከፍተዋል?

ወደ እኛ ልመለስ። ዶልፊን በእኛ አፍ የቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው። ይህን ስም ፋብሪካው አላወጣለትም፤ ሾፌርና ረዳት፣ ተሳፋሪና ተራ አስከባሪ ናቸው ያወጡለት። አሁን ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ከፋብሪካው ዶልፊን ብሎ የሰየማት ትንሽ የኤሌክትሪክ የቤት መኪና አለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ስም በየቀኑ እየበዛ ነው። ቻይናዎቹ የእኛን ዶልፊን አያውቁም፤ ጥፋት የለባቸውም። ግን ነገ «በዶልፊን መጣሁ» ሲባል የትኛዋ እንደሆነች ልንጠይቅ ነው።

የባሰው ደግሞ በገዛ እጃችን የተደረገው ነው። ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር የቻይናውን ሊፋን 520 «አባይ» የሚል ስም ሰጥቶ ይሸጥ ነበር። አባይ! የስማዳና የእስቴ ሰው አባይን በካርታ አይደለም የሚያውቀው፤ ገደሉን ወርዶ፣ ሙቀቱን ችሎ፣ ማዶ ጎጃምን እያየ ነው። የዚያን ወንዝ ስም የሚሸከም መኪና ቢያንስ ያንን ቁልቁለት ወርዶ መውጣት አለበት። አባይ የተባለችው የከተማ መኪና ነበረች፤ ኮፈኗን ለከፈተ መካኒክ ያው ሊፋን ናት። አገር ውስጥ መገጣጠሙ ጥሩ ነበር፣ ሥራም ፈጥሮ ነበር፤ ድርጅቱ ሳይቆይ መዘጋቱም ያሳዝናል። ስሙ ግን ሲጀመርም አላማረባትም።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «ስም ምን ያደርጋል፣ ማድረሱ ነው እንጂ» ይለኛል። እሱም ቢሆን አያደርስም። ስም መለጠፍ ከኋላ በር ጀምሮ እዚያ አይቆምም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። መለዋወጫ መደብር ገብታችሁ ኩሽኔታ ጠይቁ፤ ካርቶኑ ላይ የጃፓን ስም አለ፣ ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው። ባሌስትራው ሁለት ገበያ ሳይጭን ይሰበራል። ይህን እንኳ ኪሳራ ነው ብለን እንለፈው። የፍሬን ሸራ ላይ የሐሰት ስም ሲታተም ግን ነገሩ የሰው ሕይወት ነው። ከጉና ወደ ደብረ ታቦር እየወረደ ያለ፣ ሰው የጫነ መኪና የሚቆመው በካርቶኑ ላይ ባለው ስም አይደለም፤ በሸራው ነው። ገዥው «ኦርጂናል ነው ወይ» ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩ «ኦርጂናል ነው» ይላል፣ ሁለቱም ቃሉን ሳያምኑበት ይለያያሉ። እንዲህ ሆነን ነው የምንሳፈረው።

ሕዝብ የሚያወጣው ስም ግን አይዋሽም፤ እወደዋለሁ። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራውን አውቶቡስ ቅጥቅጥ አለው። ቅጥቅጥ ስለሆነ ነው። ማሞገሻ አይደለም፣ ስድብም አይደለም፤ አሠራሩን ተናገረ፣ አለቀ። ሲኖትራክ በየመንገዱ ሰው ሲፈጅ ቀይ ሽብር አለው። ይህ ስም በደርግ ዘመን ልጆቻቸውን ለቀበሩ እናቶች ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ሕዝቡ ያየውን አደጋ ለመናገር ከዚያ የበለጠ የሚመጥን ቃል አላገኘም። ዓርማ ያለው ፋብሪካ እንዲህ ያለ እውነት ከኋላ በር ላይ አይጽፍም። በጎውም ክፉውም ስም ከመንገዱ ሲመጣ ይታመናል።

ለባለ ጋራዦችና ለባለ መኪናዎች የምለው ይህን ነው፤ ሞተራችሁ አራት ሲሊንደር ከሆነ አራት ይባል፤ አራት ሲሊንደርም ጉናን ይወጣል፣ አያሳፍርም። መለዋወጫ የምትሸጡ፣ ሌላው ቢቀር የፍሬን ዕቃ ላይ የሌላ ፋብሪካ ስም ያለበትን አታስገቡ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ኤንትሬ የነዱ፣ ታኮ ይዘው ጉናን በእግር የወጡ አባቶች አሁንም አሉ፤ ልጆቻቸው የሆናችሁ የመኪናቸውን ስም፣ የጫኑትን፣ የሄዱበትን መንገድ ጠይቃችሁ ጻፉት። በግቢያችሁ የቆመ አሮጌ መኪና ያላችሁም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ስትሸጡት ስሙ ያለበትን ብረት ነቅላችሁ አስቀሩ።